ሹራቡን አውልቂ ያልኩሽ ቀን

ይድረስ ለእታለሜ፣ ካለሽበት።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አድርጎሻል? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩሺና ስታጥፊ ውለሽ ስትገቢ እግርሽ ያብጣል ብለሽኝ ነበርና ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ዓይንሽስ? የማጠቢያ ቤቱ እንፋሎት እንደ ድሮው ያስለቅስሻል ወይስ ለምደሽዋል? አሁን መቼም የሚያስለቅስሽ እንፋሎቱ ብቻ አይደለም። እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የክፍል ጓደኛሽ ለብቻሽ እንዳልተወችሽ ሰምቼ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።

እኔ ደህና ነኝ ልበልሽ። ሰው ሲመጣ እቀመጣለሁ፣ ብላ ሲሉኝ እበላለሁ። ሁሉን ነገር ለነገ ስለሚያሳድር «ጋሼ ነገ» ያልነው አጎታችንም ከቀብሩ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው። እማዬ ሦስት ዓመት ሙሉ የለመነችውን የኩሽና ቧንቧ በቀብሩ ማግስት ጠገነልሽ። ጠግኖ ሲጨርስ መፍቻውን እንደያዘ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቧንቧው አሁን አንዲት ጠብታ አያንጠባጥብም። ቤቱ ጭር ማለቱ ሳያንስ እሱም ዝም አለ።

እታለም፣ የሞተች ዕለት በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቅሽኝ። «አየችኝ ወይ?» አልሽኝ። እኔም «አየችሽ፣ ደስም አላት» ብዬ ስልኩን ለጋሼ ነገ አቀበልኩት። ውሸት አልነገርኩሽም፤ ግን ግማሹን ነው የነገርኩሽ። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ቀሪውን እየዘለልኩ ስለ አየሩና ስለ ለቅሶ ደራሹ ማውራት ጀመርኩ። ዛሬ ግን ይውጣልኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ ብትቆጪኝም አይከፋኝም፤ ከሰደብሽኝማ ትንሽ ይሻለኛል።

እማዬ አልጋ ከያዘች ጀምሮ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። በስልክ ስትገናኙ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ፊትሽም እንደ ተሰበረ ሳህን ይሆንባታል፤ ድምፅሽንም በደንብ አትሰማውም። የመኖሪያ ወረቀትሽ እንዳላለቀና መምጣት እንደማትችዪ ታውቃለች። «እንደው አልጋዬ አጠገብ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አንድ ጊዜ ልያት» ትል ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔ ብልጡ ወንድምሽ ደረቴን ነፍቼ «ይኼማ የእኔ ሥራ ነው» ያልኩት።

ሙያዬን ታውቂዋለሽ። ሠርግና ምርቃት መቅረጹ ሲቀዘቅዝ ሳሎኑን ስቱዲዮ አድርጌ ግሪን ስክሪን የሚሉትን ጀመርኩ። ሰውየውን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁመሽ ትቀርጪዋለሽ፤ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ያየውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣና በቦታው ባሕርም በይው ተራራ ያሻሽን ታስገቢበታለሽ። አንድ የፊዚክስ መምህር ጨረቃ ላይ ቆሞ ሲያስተምር ሠርቼለት፣ ይኸው ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ «ጨረቃው» ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን ግን ጉድ ነበርኩ። የእማዬን አንሶላ ቀለም ነክሬ ሰቀልኩት፤ ጨርቁ ተጨማዶ፣ የሰውየው ጥላ ወድቆበት፣ የደንበኛዬ ፀጉር ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እማዬ በበሩ በኩል አይታው «ምን አብልተኸው ነው እንዲህ የሻገተው?» አለችኝ። ደንበኛውም ሰምቶ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነው ጨርቁ የማያብለጨልጭ፣ የተወጠረና የራሱ መብራት ያለው መሆን እንዳለበት የተማርኩት። ሰውየውም ከጨርቁ ራቅ ብሎ ይቁም፤ አለዚያ አረንጓዴው ጆሮውና ትከሻው ላይ ይወጣል።

ላንቺም ይህንኑ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩልሽ። ጨርቁን ተኩሺው ስልሽ «ለማን ነው መተኮስ የምታስተምረው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ጫፉ ተቀዶ የተጣለ አረንጓዴ የቀዶ ጥገና ክፍል አንሶላ አለቃሽን አስፈቅደሽ አመጣሽና፣ ስትሰቅዪው አንዲት መስመር አይታይበትም። ከጨርቁ ሦስት እርምጃ ራቂ አልኩሽ፣ ራቅሽ። ሁለቱን መብራት ለጨርቁ ተዪው፣ ላንቺ መስኮቱ ይበቃል አልኩሽ፣ አደረግሽው። ስልኩን በእጅሽ አትያዢው፣ ፀጉርሽን ሰብስቢው፣ እማዬ በቀኝሽ በኩል እንደተኛች አድርገሽ ዞር ብለሽ አውሪ አልኩሽ። አንዲት መስመር ብቻ ረሳሁ። አረንጓዴ ልብስ አትልበሺ አላልኩሽም። ለደንበኛ ሁሉ በር ላይ የምናገራት የመጀመሪያዋ ነገር እኮ እሷ ነበረች። ስለ ጨርቁና ስለ መብራቱ ሳስብ፣ እህቴ ለእናቷ ስትታይ ምን ትለብስ ይሆን ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

አንቺማ ሌላ ምን ልትለብሺ ኖሯል? የሄድሽ ሰሞን እማዬ የራሷን አረንጓዴ ሻል ተርትራ በአሥራ አንድ ቀን የሠራችልሽን ሹራብ ነው የለበስሽው። ቪዲዮው ሰኞ ጠዋት ደረሰኝ። አረንጓዴውን ሳጠፋ አንቺም አብረሽው ጠፋሽ። ጭንቅላትሽ ለብቻው፣ ሁለት እጆችሽ ለብቻቸው አየር ላይ ቀሩ፤ ደረትሽ በነበረበት በኩል የእማዬ የግድግዳ ሰዓት ይታያል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ወገቤን ታጥቄ ግማሽ ቀን ታገልኩት፤ ሹራቡን ሳተርፍ ጨርቁ ይቀራል፣ ጨርቁን ሳጠፋ ሹራቡ ይሄዳል። በመጨረሻ ሹራቡን አውልቀሽ እንደገና ተቀረጪ ብዬ ጻፍኩልሽ። «ለእሷ ብዬ እኮ ነው የለበስኩት» አልሽኝ። እኔም ሥራው ንጹሕ እንዲወጣ ነው አልኩሽ። «እሺ፣ ይሁን» አልሽ። የዕረፍት ቀንሽ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነበረና ዘጠኝ ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ።

እታለም፣ የምነግርሽ ስለዚያ ዘጠኝ ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት እማዬ አእምሮዋ ጥርት ያለ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳጥባት «የልጄ ነገር ደረሰ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «እየተስተካከለ ነው» እላታለሁ። እየተስተካከለ ነው! አንቺ በሙሉ አካልሽ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጠሽ፣ «እማዬ፣ ይኸው ለበስኩት» እያልሽ እጅጌሽን ስታሳያት፣ እኔ ሥራዬ አላማረልኝም ብዬ ደበቅኩሽ። አንድ ጊዜ ከፍቼ ላሳያት ተነስቼ ነበር። ከኋላሽ ጨርቁ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ የጓደኛሽ ነጠላ ጫማ ተደርድሮ፣ የብረት አልጋችሁም በጎን እየታየ፣ እንዲህ አድርጌ አላሳያትም ብዬ ተመለስኩ። በስድስተኛው ቀን ሐሳቧ መንሸራተት ጀመረ። በቀን የምታውቀኝ ሰዓት እያጠረ መጣ፤ ነርሷ ጎረቤታችንም እጇን ይዛ ቆይታ ወደ እኔ ስታይ ገባኝ።

ሁለተኛው ቪዲዮ ረቡዕ መጣ። የጓደኛሽን ቡናማ ሸሚዝ ለብሰሻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አንዲት የፀጉርሽ ዘለላ ጠርዟ አልሻገተም። የእማዬን ክፍል ከበሩ በኩል እሷ ተኝታ ሳለች ቀርጬ ስለነበር በርጩማው ላይ አስቀመጥኩሽ፣ ጥላሽንም ወለሉ ላይ ሠራሁት፤ የዘረጋሽውን እጅ ልክ ብርድ ልብሷ ላይ አሳረፍኩት። ዓርብ ጠዋት ትልቁን ቴሌቪዥን እግርጌዋ አቆምኩና ጋሼ ነገን ጠርቼ ከፈትኩላት። አየችሽ እታለም። ፊቷ በራ። «መጣሽ?» አለችሽ። እኔ ሞኙ ጋሼ ነገን በክርኔ ነካሁት።

ከዚያ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ነቅላ ወደ በርጩማው ዞረች። በርጩማው ባዶ ነው። እጅሽ ያረፈበትን ብርድ ልብስ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ደጋግማ ዳሰሰችው። «አሁን እዚህ አልነበረችም እንዴ? የት ሄደች?» አለችኝ። ቪዲዮ ነው እማዬ፣ ብዬ ብዬ አቃተኝ። «ኩሽና ገብታ ይሆናል፣ ጥሯት» ትላለች። ያን ቀንና ቅዳሜን ሙሉ ስትጠራሽ ዋለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። «ምን አስቀይሜያት ነው ሳትሰናበተኝ የወጣችው?» አለችኝ። ጋሼ ነገ እንኳ አላስችል ብሎት ኩሽና ገብቶ ሳህን እያንኳኳ እንዳለሽ ሊያስመስል ሞከረ፤ ይህም ባሰባት። ያን ያህል የተጠበብኩበት ሥራ እናቴን በራሷ አልጋ ላይ ልጇን ፈላጊ አደረጋት። «ደስም አላት» ያልኩሽ ይህን ዘልዬ ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ ግራ ቢገባኝ የመጀመሪያውን ቪዲዮ እንዳለ፣ ምንም ሳልነካው፣ ከፈትኩት። አረንጓዴው ጨርቅ፣ የተቀደደው ጫፍ፣ ነጠላ ጫማው፣ የብረት አልጋው፣ አንቺ ከነሹራብሽ። መጥራቷን ተወች። ክፍሉን ዙሪያውን አይታ «እዚያ ነው የምታድረው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሩቅ ናት አይደል?» አለችኝ። ሩቅ ናት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በኋላ ወደ በርጩማው አልዞረችም፣ ወደ ኩሽናም ጥሯት አላለችም። እንደገና ክፈተው አለችኝ። ሦስቴ አየችሽ። «እስካሁን አላወለቀችውም?» አለችኝ። አላወለቀችውም እማዬ፣ አልኳት።

በሦስተኛው ጊዜ አቁመው አለችኝና ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋች። የግራ እጅጌሽ ጫፍ ተተርትሯል። እኔ ያንን ቪዲዮ ሃምሳ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እጅጌው መተርተሩን ግን አላየሁም። ለእኔ የሚጠፋ አረንጓዴ ነበር። እሷ ዓይኗም ልቧም ደክሞ ሳለ አየችው። «እንዳትስበው ንገራት» አለችኝ፤ «ከሳበችው እስከ ክንዷ ይሄዳል። ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብታ ትቋጥረው። ክሩ ከሻሉ ተርፎኝ በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ አለ፣ ላክላት።» ከዚያ ደከማትና ተኛች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ ነገም እኔም አጠገቧ እያለን፣ ትንፋሿ ቆመ። ክሩን ላክላት ካለችኝ በኋላ የተናገረችው ሌላ የሚጨበጥ ነገር የለም።

እና አየችኝ ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ እሑድ ረፋድ ላይ አየችሽ። ያለሽበትን ክፍል ሁሉ አየችው። አእምሮዋ ጥርት ባለበት በእነዚያ አምስት ቀናት ግን ልታይሽ፣ ስትስቂ ልትስቅ፣ ስለ ጓደኛሽ ነጠላ ጫማ ልትጠይቀኝ ትችል ነበር፤ ያንን የወሰድኩባችሁ እኔ ነኝ። ለእሷ ይቅርታ ማለት አመለጠኝ። አንቺን ግን ይቅር በይኝ እልሻለሁ። ዛሬ ባይሆንልሽ እንኳ ዝም አትበይኝ።

ለክፍል ጓደኛሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሸሚዟን ስላዋሰችሽ አመስግኛት፣ ነጠላ ጫማዋንም እናታችን እንዳየችው ንገሪያት። አንሶላውን ለሰጠሽ አለቃሽም ሰላም በይልኝ። ጋሼ ነገ ጉንጯን ሳምልኝ ብሏል፤ «ነገ እጽፍላታለሁ» ስላለ ከእሱ ደብዳቤ አትጠብቂ። ነርሷ ጎረቤታችን ጉልበትሽን በሞቀ ውኃ እሺው፣ ስትተኚም እግርሽን ትራስ ላይ አውጪው ብላለች።

ክሩን በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር፣ በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ አስቀምጣልሽ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ሹራቡን ልበሺው፤ የግራ እጅጌውን ግን አትሳቢው፣ ወደ ውስጥ አስገብተሽ ቋጥሪው።

ወንድምሽ ድንቡሼ

ከእማዬ ክፍል፣ በርጩማው ላይ ሆኜ
በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት