አንሶላችንን ላስወረዱን ኃላፊ

ጎረቤታችን ዶኛ ኤድቪሄስ ነቅተዋል። ትናንት ጠዋት ዓይናቸውን ገለጡ፣ ነርሷን ደረቷ ላይ ከተለጠፈው ስሟን አንብበው ጠሯት፣ ያመጣችላቸውን ሾርባ ቀምሰው ጨው የለውም ብለው መለሱላት። ጨው የለውም የሚል ሰው አይሞትም፤ ሐኪሙም ከሞላ ጎደል ይህንኑ ነው ያለን። ሰላምታ ሳላስቀድም በመናገሬ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስንጠብቀው የቆየነው ወሬ ነውና ከብዕሬ ቀድሞ ወጣ። አሁን ወደ ሥርዓቱ ልመለስ።

ለክቡር ኢንጂነር ኤቬራርዶ ሉኬን፣
የፖሶ ሳላዶ ማዘጋጃ ቤት የከተማ ገጽታና የሙቀት ወራት ጥንቃቄ መምሪያ ኃላፊ፣
ከቢሮዎ፣ ማቀዝቀዣው ከሚነፍስበት ፊት ለፊት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ መኪናዎ፣ የመኪናዎም ማቀዝቀዣ እንደምን አሉልን? እኛ የላስ ፓሎማስ መንገድ ሰዎች ደህና ነን፤ ሙቀቱ ትናንት አርባ ዘጠኝ ገብቷል፣ የበር እጀታ በጨርቅ ይዘን እንከፍታለን፣ በቀትር ከጣሪያው ሮቶ የሚወርደው ውሃ የታረደ ዶሮ ላባ ለመንጨት ይበቃል፤ ይህ ግን በየዓመቱ ያለ ነው፣ በእርስዎ አላመካኝም። እኔ ኤርሊንዳ ቦሆርኬስ እባላለሁ፤ ሥራዬ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው። እስከ ሁለተኛ ደረጃ ስለተማርኩ ከመምሪያዎ የሚመጡትን ወረቀቶች ሁሉ ማንበብ እችላለሁ፤ የተቸገርኩት መረዳቱ ላይ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ በሰኔ መጀመሪያ በየበራችን ሥር ስላስገቡልን ባለ ቀለም ወረቀት ከልብ አመሰግናለሁ። ሳይጠማችሁ ውሃ ጠጡ ይላል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አትውጡ ይላል። ቤታችሁን አቀዝቅዙ ይላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ፣ ገላውን አርጥቡት እንጂ ይላል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በቀን ሁለት ጊዜ ጠይቁ ይላል። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱንም አልቃወምም፤ ማንበብ የማትችለው እናቴም ይህንኑ ነበር የምትለን፣ ያውም ያለ ፎቶግራፍ። በወረቀቱ ላይ ብርጭቆ ይዘው ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ ግን አምሮብዎታል።

ሁለተኛ፣ በዚያው ዕለት፣ በዚያው በር ሥር ስለገባው ሌላኛው ወረቀት አመሰግናለሁ። እሱ እንኳን ባለ ማኅተም ነው። የቤቶቻችን ፊት በመምሪያዎ ትዕዛዝ እንደ ልደት ኬክ ሮዝና ቢጫ ከተቀባ በኋላ፣ ከመንገድ በሚታይ በርና መስኮት ላይ ማናቸውንም ጨርቅ መስቀል የከተማዋን ገጽታ ስለሚያበላሽ በጥብቅ ተከልክሏል ይላል። ፊርማዎ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ አንድ ነው፤ እጅዎ ፈጽሞ አልተንቀጠቀጠም።

ምናልባት የነገረዎት ሰው የለም እንጂ፣ ክቡር ሆይ፣ እኛ በር ላይ የምንሰቅለው አንሶላ ታጥቦ የሚደርቅ ልብስ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባልዲ ውስጥ ነክረን እንሰቅለዋለን፤ ነፋሱ በእርጥቡ አልፎ ሲገባ ቤቱ ይተነፍሳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ክው ብሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ተነሥቶ እንደገና ይነክረዋል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አንሶላ ይዳስሳል። እርጥብ ከሆነ መንገዱን ይቀጥላል። ደረቅ ከሆነ ይጣራል፤ መልስ ካጣ ይገባል። በሙቀት ወራት በር አንቆልፍም፣ ለምን ገባህ ብሎ የተቀየመም ሰው የለም። ይህ ነገር ኤሌክትሪክ ወደ ሰፈሩ ሳይገባ የተጀመረ ነው። አረጋውያንን በቀን ሁለት ጊዜ ጠይቁ አሉን፤ እኛ በየሰዓቱ ስንጠይቅ ነበር፣ ያውም ማንም ተጠየቅሁ ብሎ ሳያፍር።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን ተቆጣጣሪዎችዎን ስለላኩልን። ከረባት አስረው፣ ልክ በወረቀትዎ አትውጡ በተባለበት ሰዓት መጡ። አንደኛው የእኔ በር ላይ ሲደርስ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበርና ግባ አልኩት። አንሶላው ጀርባ ቆሞ ከማሰሮው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ፣ እዚህ ደግሞ እንዴት ይቀዘቅዛል ብሎ ተገረመ፣ ትንሽ አረፈ፣ ከዚያ ወጥቶ በአንሶላው ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ልጄ፣ አሁን የከሰስከው ያሳረፈህን ነው አልኩት። እማማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው አለኝ። መታዘዙን ይቅር ብየዋለሁ፤ እማማ ማለቱን ግን አላውቅም፣ ዕድሜዬ ከትናንቱ ሙቀት ጋር እኩል ነው።

እኛ እያጉረመረምን፣ ዛሬ ነገ እያልን አወረድን። ከሁላችን ቀድመው ያወረዱት ግን ዶኛ ኤድቪሄስ ሞሮዮኪ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የቴሌግራፍ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከእኔ ሦስተኛው በር ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሰፈሩ ውስጥ ትዕዛዝዎን ከመጀመሪያው መስመር እስከ ግርጌው ማኅተም ያነበቡ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለእኛም መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አንብበውልናል። ከዚያ አንሶላቸውን አውርደው ተኮሱት፣ አጥፈው መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። እርጥብ ጨርቅ ያልተሰቀለበት በር ተከፍቶ ቢውል እሳትና አሸዋ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ በሩንም ዘግተው ቆለፉት። በረዶ ሻጩ ኩኮ መቼም ዝም አያውቅም፤

«ዶኛ ኤድቪሄስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አትተንፍሱ ብሎ ቢጽፍስ?» አላቸው።

«ማኅተም ካለበት እስከ ማታ እሞክራለሁ» አሉት።

ሳቅን። ያን ጊዜ ሳቅን፣ ክቡር ሆይ።

አራተኛ፣ ማክሰኞን በተመለከተ። ማክሰኞ ኩኮ ለዶኛ ኤድቪሄስ ግማሽ ግግር በረዶ የሚያመጣበት ቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንኳኩቶ መልስ አጣ፣ የቀትር እንቅልፍ ላይ ይሆናሉ ብሎ አለፋቸውና ወደ እኔ መጣ። እኔ ስፌት ላይ ነበርኩ። ዶኛ አልከፈቱልኝም ሲለኝ፣ ቀና ሳልል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በለመደ አፌ፣ አንሶላቸው እርጥብ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ስል ፊቱ ተለውጧል።

«የቱ አንሶላ?» አለኝ። «ኤርሊንዳ፣ በሩ እኮ ምንም አይልም።»

ሮጥን። ኩኮ በሩን በትከሻው ሰበረው፤ ለተሰበረው በር ፈቃድ አላወጣንምና ይህንንም ይመዝግቡልን። ወጥ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኘናቸው። ማራገቢያው ከላያቸው እየዞረ የጋለ አየር ይነፍስባቸዋል። ገላቸው ደረቅ ነው፣ ላብ የለውም፣ ከምድጃ እንደወጣ ጡብ ይፋጃል፤ ዓይናቸው ገርበብ ብሎ ለማናውቀው ሰው አንድ የማንሰማው ነገር ያንሾካሹካሉ። ስንት ሰዓት እንደቆዩ ማንም አያውቅም። በእግዚአብሔር ስም የምለምነዎ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ ነው፤ ስድሳ ሁለት ቤት ባለበት፣ ሁሉ ሁሉን በሚያውቅበት መንገድ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ወድቀው ስንት ሰዓት እንደቆዩ ማንም አያውቅም። የከተማዋ ገጽታ ግን በዚያን ሰዓት እጅግ ያማረ ነበር።

የወረቀትዎን ምክር አክብሬ ውሃ አፋቸው ውስጥ አላፈሰስኩም፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ ነክሬ ገላቸው ላይ አለበስኩት። ለዚህ ምክር የማመሰግነዎ ያለ ቀልድ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ቀልድ ያመሰገንኩዎ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ አምቡላንሷ። ስደውል ያነሣችው ልጅ ትሑት ናት፣ ስሟን አልጽፍም፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የከተማችን አንዲት አምቡላንስ በዚያ ከሰዓት በኋላ አደባባዩ ላይ፣ ከእርስዎ ጀርባ፣ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማ ነበር፤ የሙቀት ጥንቃቄ ዘመቻው የሚከፈትበት ቀን ነበርና ለፎቶግራፉ ታስፈልግ ነበር። ንግግሩ እስኪያልቅ አትንቀሳቀስም ተብሏል፣ አዝናለሁ አለችኝ። ንግግርዎ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጠይቄያለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ለሃያ ደቂቃ እንኳን ቢዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀምሮ አልጨረሰልኝም።

ስለዚህ በበረዶ መኪና ሄድን። ዶኛ ኤድቪሄስን በበረዶ ጆንያዎች መካከል አስተኛናቸው፤ አንገታቸው ሥር፣ ብብታቸው ሥር፣ ብሽሽታቸው ላይ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩላቸው። ኩኮ የትራፊክ መብራት አልጠበቀም፣ ጥሩምባውን አልለቀቀም። በአደባባዩ ጎን ስናልፍ በድምፅ ማጉያ የእርስዎ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ዓይን ይሁነው እያሉ ነበር። ቆንጆ አባባል ነው። እኔ እጄ በበረዶ ደንዝዞ ስለነበር ላጨበጭብልዎ አልቻልኩም።

ስድስተኛ፣ ይህኛው ተራ ቁጥር አልተመደበለትም ነበር፤ ትናንት ነው የመጣው። ሾርባው ከተመለሰ በኋላ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ያዙኝ። ከዘጠኝ ቀን ዝምታ በኋላ፣ ስለ ቤታቸው ሳይጠይቁ፣ ስለ ድመታቸው ሳይጠይቁ፣ እንዲህ አሉኝ፤

«ኤርሊንዳ፣ ቅጣት አልመጣብኝም አይደል?»

አልመጣም አልኳቸው። በመሬት ላይ የሚያስቀጣ ነገር ማን እንደሠራ ግን በልቤ አውቅ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ያን ማክሰኞ ነገሩኝ። ሙቀቱ ሲበረታባቸው አንሶላውን ከመሳቢያ አውጥተው ነክረውት ኖሯል። በሩን ከፍተው ሊሰቅሉት እጃቸውን አንሥተው ሳለ ማኅተሙ ትዝ አላቸው። እርጥቡን እንደያዙ ተመለሱ፣ መታጠቢያው ላይ ጨመቁት፣ አጥፈው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውሱም። ተቆጣጣሪዎችዎ በዚያ ቀን በዚያ በር ቢያልፉ ኖሮ ምንም ጥፋት አያገኙም ነበር።

ከዚያን ማክሰኞ ማግስት ጀምሮ ስድሳ አንዱም በር አንሶላ ሰቅሎ እንደሚውል ነገርኳቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ነጥብ ሳያዛቡ የሰው መልእክት ያደረሱ ሴት ናቸው።

«የኔንስ ማን ሰቀለው?»

ማንም፣ የእርስዎን ፈቃድ ጠብቀን ነው አልኳቸው።

«ስቀዪልኝ። ደህና አድርገሽ ንከሪው፣ ለጌጥ አይደለም።»

ሰቅየዋለሁ፣ ክቡር ሆይ። ስድሳ ሁለት ሆነናል። የላኩልን ማስጠንቀቂያዎችም በሙሉ ደርሰውናል፤ ወረቀታቸው ወፍራም ስለሆነ ለማራገቢያ ተስማምተውናል። ትዕዛዙን እንዲሽሩልን አልለምንም፤ ልመናውን ጨርሰን አልፈነዋል። የምጠይቀዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ያለ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በእግርዎ ወደ መንገዳችን ይምጡና እጅዎን ዘርግተው አንሶላ ይዳስሱ። ደረቅ ያገኙ እንደሆነ ይጣሩ። መልስ ካጡ ይግቡ። የመምሪያዎ ሥራ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ለጤናዎ በየቀኑ የምጸልይ፣ ለቀለሙ ምርጫ የማደንቅዎ፣ ለፊርማዎ ውበት እጅ የምነሣ፣ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የማልረሳዎ፣

ታዛዥ ያልሆነች አገልጋይዎ
ኤርሊንዳ ቦሆርኬስ፣ ልብስ ሰፊ
ላስ ፓሎማስ መንገድ፣ ፖሶ ሳላዶ

ማስታወሻ፦ ዛሬ በቀትር በሆስፒታሉ መብራት ጠፍቶ ነበር። ዶኛ ኤድቪሄስ ከአልጋቸው ሆነው ነርሶቹን አዘዟቸው፤ ነርሶቹም በሁለተኛው ፎቅ በመንገድ በኩል ባሉት መስኮቶች ሁሉ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቀሉ። ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ነውና ቁጥሩን እኔ ልንገርዎ አልልም፣ ቆጥረውታል። ተቆጣጣሪ ከመላክዎ በፊት ግን ከአንሶላዎቹ ጀርባ የተኙ ሰዎች እንዳሉ፣ ከመካከላቸውም አንደኛዋ ማንበብ እንደሚወዱ ይወቁልኝ፤ የሚጽፉትን ሁሉ እስከ ግርጌው ያነቡታል።

ይህን ለሚያነብ ለማንኛውም ሰው ደግሞ፦ ሐኪሙ ፈቅዷል፣ ዶኛ ኤድቪሄስ ቤታቸው ይገባሉ። ኩኮ በረዶውን በነጻ አመጣለሁ ብሏል፣ የገብስ ውሃ በትልቁ ማሰሮ ይቀርባል፣ የአይብ ሾርባውን እኔ እሠራለሁ፣ ጨዉን እሳቸው ራሳቸው ይጨምሩበታል። ፀሐይ ሳትበረታ ኑ፣ ኮፍያ አድርጋችሁ ኑ፣ ጎረቤታችሁን ቀስቅሳችሁ ኑ። ኢንጂነሩም ይምጡ፣ ወንበር አለን። በመጪው እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።