አራት መቶ ሃያ ሞቷል

ሱዳንሹ፣

እዚህ ላክናው ከተማ ያረፍኩበት ቤት ትራስ ከጡብ አይለይም፤ አንገቴን ብታየው ትስቅብኛለህ። ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጸሐፊው የአንዲትን ሴት አቤቱታ መለሰባት። «እናቴ፣ የድሮው ሕግ የማጭበርበር አንቀጽ፣ አራት መቶ ሃያ፣ ሞቷል። የአዲሱ ወንጀል ሕግ አንቀጾች ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ላይ ያልቃሉ» አላት። እኛ አገር ባሊያ አጭበርባሪን ዛሬም በዚያው ቁጥር እንሰድባለን። እኔ ብልጡ አጎትህም፣ ባለፈው ሳምንት የነጠፈች ላም ትታለባለች ብሎ በሸጠልህ በጃግሞሃን ላይ ክሱን የጻፍኩልህ በአራት መቶ ሃያ ነው። ስልክህ ዝግ ነው። ክሱን ሳታስገባ በአዲሱ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አስብለው፤ አለዚያ ላሚቱ አንተው ጋ ትቀራለች። እናትህን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም ጆሯቸውን ቆንጥጥልኝ።

በሩ ተንኳኳ። ጃግሞሃን ራሱ እኔን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥቷል። «ሙንሺጂ፣ የአቤቱታ ጸሐፊያችን፣ ሱዳንሹ ሊከሰኝ ነው አሉ፤ መልሱንም እርስዎው ይጻፉልኝ» ይላል። ቁጥሩን ገና አላወቀም። ፍጠን።