ሦስተኛው ሚስማር

ጥር 6
ዛሬም እንደ ልማዴ ሐሳብ ብቻ ይዤ ወደ ሥራ ገባሁ። የእንጨት ሥራ ቤታችን ግድግዳ ላይ አራት ሚስማር አለ። አንደኛው ላይ ሐሳብ ይሰቀላል፣ ሁለተኛው ላይ ንድፍ፣ ሦስተኛው ላይ በካርቶን ተሠርቶ የሚገለገልበት ሰው የሞከረው፣ አራተኛው ላይ ያለቀ። ደንቡን ያወጣው ሸሪኬ አናጺው ነው። በዝግታው ምክንያት «ቀስ በቀስ» ነው የምንለው። አንደኛው ሚስማር የኔን ወረቀት ተሸክሞ ጎብጧል። አራተኛው ላይ የኔ የሆነ አንድም የለም።

የዛሬው ግን ለአባዬ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፉ ኖረው፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ብሩሽ አልነኩም... በአንድ እጅ የሚሠሩበት የሥዕል ጠረጴዛ።

ጥር 13
ንድፉ አለቀ። ቀስ በቀስ አገላብጦ አየውና፣ «በካርቶን ሥሪውና አባትሽን አስቀምጠሽ ሞክሪው። ከዚያ እንጨት እቆርጣለሁ።»
ነገ እሄዳለሁ።

ጥር 17
አልሄድኩም። የሠራሁት ካርቶን በሩ ሥር ቆሟል።

ጥር 20
ዛሬም። ማን ያነበዋል፣ እውነቱን ልጻፈው... አባዬን እንደዚያ ሆነው ማየት እፈራለሁ። እህቴ በየቀኑ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ብርቱካን አቀብዬ እመለሳለሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ጥር 22
ዋሸሁ። ወረቀቱን ሦስተኛው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።
«ሞከሩት?»
«ሞከሩት። ወደዱት።»
ምላሴ እንኳ አልተያዘም። ቀስ በቀስ አመነኝ። ለራሱ አልጋ ያስቀመጠውን ጣውላ አወጣ።

የካቲት 4
ያለቀውን ጠረጴዛ ከቀስ በቀስ ጋር ወደ አባዬ ወሰድነው። አባዬን ደግፈን አስቀመጥናቸው። የብሩሹ ማስቀመጫ በቀኝ፣ የገበታው ማዘንበያ እጀታም በቀኝ። ድሮ በቀኛቸው ሲጽፉ እያሰብኩ ነው የነደፍኩት። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቶ ቀረ። ግራቸውን በደረታቸው አሻግረው ዘረጉ... አልደረሱም።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «የትኛው እጃቸው እንደሚሠራ አታውቂም እንዴ?»

አላውቅም ነበር። ከታመሙ አራት ወር ሙሉ።

ቀስ በቀስ ጎንበስ ብሎ መሣሪያዎቹን ሰበሰበ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አባዬ ናቸው በዚያ በተሳሰረ አንደበታቸው፣ «የቸኮለች... አፍሳ... ለቀመች» ያሉት። ሊያስቁኝ ነው። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 5
ለቀስ በቀስ ነገርኩት። «ዋሽቼሃለሁ።»
«ትናንት አወቅኩ» አለ። መላጊያውን አላስቀመጠም። «ጣውላውስ ይተካል። እኔ ግን ያቺን ወረቀት አይቼ ነው የቆረጥኩት።»
ወረቀቱን አውርጄ ሁለተኛው ላይ መለስኩት።

የካቲት 6
ካርቶኑን ይዤ አባዬ ጋ ሄድኩ። ተቀመጥኩ። ፈራሁ ግን ተቀመጥኩ።

የካቲት 19
ሦስተኛው ካርቶን። የመጀመሪያው ከፍ አለባቸው፣ ሁለተኛው ተንሸራተተ። ይሄኛውን በግራ እጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይሁን» አሉ። አሁን ነው ሦስተኛው ሚስማር ላይ የሰቀልኩት።
ዛሬ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። እህቴ ከቀትር በኋላ ተኛች። እንደዚህ ደክሟት እንደነበር... ማን ጠየቃት?

መጋቢት 2
አለቀ። ቀስ በቀስ ያንኑ ጣውላ ፈትቶ ለግራ እጅ አዞረው። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ግን ተደፍነውም ይታያሉ። ባየኋቸው ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ወረቀቱን አራተኛው ላይ የሰቀለልኝ እሱ ነው፣ እኔ አልደፈርኩም።

አባዬ በእርሳስ አንድ መስመር አሰመሩ። ጠማማ። ደገሙት። ልወጣ ስነሳ እጅጌዬን ያዙኝ።
«ቀለም... የለም።»
ነገ እሄዳለሁ።