ደሟ ደህና ነው ስለተባለላት ልጄ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ፤ ክንድዎ ሳይወጋ፣ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። እኔ በሳንባ ምች ታማ ሕፃናት ክፍል ስድስት ቀን የተኛችው የሦስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ መርፌ አያስደነግጠኝም፤ የሆስፒታልዎን ትጋት ሳላመሰግን ባልፍ ግን ህሊናዬ እሺ አይለኝም።

፩ኛ. በየማለዳው ከልጄ ደም ስለተቀዳልኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ሰው ጠፍሮ እየያዛት፣ እጇ እምቢ ሲል በእግሯ፣ እግሯ ሲያብጥ በሌላው እጇ እየተፈለገ ስድስቴ ተቀዳ። ምን ተገኘ ብዬ ስጠይቅ ውጤቱ ፋይሏ ውስጥ እንዳለ ተነገረኝ፤ ፋይሉን ማን እንደሚያነበው ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። መድኃኒቷ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያው ነበር።

፪ኛ. በሦስተኛው ቀን ልጄ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር እየተሰረጎደ ስታቃትት፣ ተረኛው ሐኪም የዕለቱ የደም ውጤት ሳይመጣ ምንም ነገር እንደማይደረግ በትሕትና ስላስረዱኝ ባለውለታዬ ናቸው።

፫ኛ. እኛ አስታማሚዎች «ቁጡዋ» የምንላት አንጋፋዋ ነርስ ግን የልጄን ደረት ገልጣ፣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረችና ማንንም ሳታስፈቅድ ኦክስጅን ሰጠቻት። ወዲያው የዕለቱ ውጤት ነው ተብሎ ደሟ ደህና መሆኑ ተነበበልን። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር እኮ! ደሟ ደህና ነው ብዬ ልቅበራት ነበር እንዴ? እርስዎም ውጤት ሳትጠብቅ ኦክስጅን ሰጥታለች ብለው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለጻፉላት እጅዎ አይዛል።

ክቡርነትዎ፣ ደም አይመርመር የሚል ቃል አልወጣኝም። ሲያስፈልግ ይመርመር፣ የሚያነበው ይኑር፣ የታመመችውንም ልጅ ቀና ብሎ የሚያይ አይጥፋ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የዚያችን ሴት ማስጠንቀቂያ ይሰርዙላት። ልጄ ዛሬ በሕይወት ያለችው በእሷ ነው።

ቢሮዎ በር ላይ አራት ቀን ተመላልሼ ስብሰባ ላይ ነዎት የተባልኩ፣ አሁንም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የአሥራ አንድ ቁጥር አልጋ እናት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከላቦራቶሪዎ ተደውሎልኝ ነበር። የሦስተኛው ቀን ደም ረግቶ ስለተበላሸ ጭራሽ እንዳልተመረመረ፣ ያን ዕለት የተነበበልን የዋዜማው ውጤት እንደነበረ ተነግሮኝ፣ ልጅቷን ይዤ መጥቼ እንደገና እንዲቀዳ በአክብሮት ተጠይቄአለሁ። ለመሆኑ ነርሷ መጠበቅ የነበረባት የትኛውን ውጤት ነው?