ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ

ለውድ አባቴ ለመምህር የኔሰው፣

እንዴት ሰነበቱልኝ አባባ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? የእማማስ ዓይን ተሻለው ወይ? እኔ እናንተን ከመናፈቅ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

የምሠራበት የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ዓመት ሞላው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ቤተልሄም የምትባል ልጅ እናቷን ወይዘሮ አጸደን በትኩሳት ሲቃጠሉ ደግፋ አመጣቻቸው። ከዓመታት በፊት አንድ መድኃኒት ሰውነታቸውን አሳብጦ ሊገድላቸው እንደነበር፣ የመድኃኒቱን ስም ግን እንደማታውቅ፣ ካርዳቸው ላይ መጻፉን ነገረችን። እሳቸው እንዳይጠየቁ ይቃዣሉ። ስማቸውን ጻፍሁ፤ ኮምፒውተሩ የለም አለኝ። ደገምሁ፤ የለም። የወረቀቱ ካርድ ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ እስኪወጣ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ነርሷ ሲስተር ዊዳድ መርፌውን አዘጋጅታ፣ ትኩሳቱ ፋታ አይሰጥምና ቶሎ በይ አለችኝ።

ያን ጊዜ እርስዎ ድርሰቴን በቀይ እያሰመሩ፣ ጸሎቱ ጸ ሌላ ፀሐዩ ፀ ሌላ ይሉኝ የነበረው ትዝ አለኝ። በፀሐዩ ብጽፈው ካርዱ ወዲያው መጣ። ፔኒሲሊን እንዳይሰጣቸው ይላል። የተዘጋጀው መርፌ እሱው ነበር። ሲስተር ዊዳድ መርፌውን አስቀምጣ ሌላ መድኃኒት አመጣች።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ጌታሁን በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ማሽኑ ድምፅ አይሰማም። እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው። ስም ሲጻፍለት ካርዱን ሁሉ አያገላብጥም፤ በቁጥር ቅደም ተከተል የተሰናዳ ማውጫ አለው፣ ስሙ ሊኖር የሚገባበትን ቦታ ብቻ ያያል። እዚያ ካጣው የለም ይላል፤ ካርዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ሳለ።

ያንን ካርድ ወደ ማሽኑ የገለበጥሁት እኔ ነኝ አባባ። ወረቀቱ ላይ በጸሎቱ ጸ ነበር፤ ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ቸገረኝ ብዬ በፀሐዩ ጻፍሁት። ለጌታሁን ስነግረው፣ ስድስታችሁም የካርድ ክፍል ሠራተኞች እንደየመሰላችሁ ስትጽፉ ከርማችኋል አለኝና፣ ማሽኑ ሁለቱንም ፊደል አብሮ እንዲፈልግ ማስተካከል ጀመረ። እኔም በምሳ ሰዓቴ ካርዶቹን ከወረቀቱ ጋር እያመሳከርሁ ነው።

ወይዘሮ አጸደ ሲሻላቸው ሊያመሰግኑኝ መጡ። አፍሬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋቸው። ስምዎን በየትኛው ጸ ልጻፈው ብላቸው፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም ልጄ፤ ስሙን ያወጣልኝ አባቴም አልተማረም። ብቻ አንቺ ጥሪኝ፤ አቤት እላለሁ» አሉኝ። እጃቸውን ሳምሁ።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ። መሲን ትምህርቷን እንድትበረታ፣ ማሙሽን ከብርዱ እንዲጠነቀቅ ንገሩልኝ። ለጎረቤታችን ለአቶ ሀብተማርያምም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ልጅዎ ምሥራቅ የኔሰው
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.