በአባ ኪሮስ ዕለት የቆፈርኩት አፈር

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈርኩ! ብቻዬን፣ በአንድ ዶማና በአንድ አካፋ፣ እያንዳንዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል፣ ወገቤም የኔ አይመስለኝም። ግን ዘጠኝ ከረጢት አፈር አልጋዬ ሥር ተደርድሯል። አማካሪዬ «ናሙናው እስከ ዓርብ ላብራቶሪ ካልደረሰ የጥናትሽን ምዕራፍ ሦስት እርሺው» ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ አልረሳሁትም።

የወረዳው ግብርና አለቃዬ አቶ እንድሪስ ለስብሰባ ደሴ ናቸው። ሲሄዱ «እኔ ሳልመለስ ማሳ እንዳትወርጂ» ብለውኛል። አለቃ ሁሉ የሚለው ነገር መስሎኝ አለፍኩት። ገበሬዎቹ እንደሆኑ ባለፈው ሳምንት ፈቅደዋል። ቀኑን ብቻ አልተነጋገርንም። ቀን ምን ያደርጋል?

የገረመኝ መስኩ ጭር ማለቱ ነው። የበልጉ ገብስ ለአጨዳ ደርሷል፣ አንድ ሰው ግን የለም፤ አንድ ጥማድ በሬ እንኳ የለም። «ምን ትሠሪያለሽ?» የሚል ስላልነበረ ደስ እያለኝ ስቆፍር ዋልኩ።

በኋላ። ደስታዬ ሁለት ሰዓት አልቆየም። አከራዬ እትዬ ዘሀራ ደጅ ላይ ጫማዬን አይተው «ልጄ፣ ዛሬ አፈር ነክተሻል እንዴ?» አሉኝ። የት እንደዋልኩ በኩራት ነገርኳቸው። የተወለዱት እዚያው ቀበሌ ነው። «በስምንት?» አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በረዶ የዚያን ቀበሌ እህል ጠራርጎ በልቶት ያውቃል። ያኔ ቄሶቹና ሼሆቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ቃል ገቡ፦ ወር በገባ በስምንት፣ በአባ ኪሮስ ዕለት፣ ማንም መሬት አይቆፍርም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። «በረዶ ሃይማኖት አይጠይቅም» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ቦታ ቆፍሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

አቶ እንድሪስ ገና መንገድ ላይ ሳሉ አራት ሰው ደውሎላቸዋል። አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ቢሮ እንደገቡ መስኮቱን ከፈቱና «ሰማዩን እይ» አሉኝ። አየሁት፤ ጠቁሯል። ገብሱ ሳይታጨድ በረዶ ከወረደ ምክንያቱ እኔ ነኝ። ደመና እንዴት በረዶ እንደሚሠራ ማስረዳት እችላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? እኔም ራሴን መስማት አልቻልኩም።

የሚያስጨንቁኝን ልጻፋቸው፣ ምናልባት ይቀልሉኛል፦

ኖራው። የዚህ አገር አፈር ኮምጥጧል፤ ኖራ ካልተበተነበት ስንዴ አይሰጥም። ኖራውን በየማሳቸው ለመሞከር የሚፈቅዱ አሥራ ሁለት ገበሬዎች ከዘር በፊት መመዝገብ አለባቸው። የስምንት ወር ኢንተርንሺፔ ይኸው ነው። ካልተመዘገቡ ዓመቱ አለፈ።

አቶ እንድሪስ። የግማሽ ጊዜ ግምገማዬን የሚሞሉት በዚህ ሳምንት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ። ዩኒቨርሲቲው የዶክትሬት ተማሪዎችን እንዲህ ወደ ሥራ ቦታ የሚልከው የመምህርነት ቦታ ለሁላችን ስለማይበቃ ነው። ከኔ በፊት የተመረቁት ሁለት ዶክተሮች እስካሁን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመዋል።

ለአማካሪዬ ደወልኩ። «አልተባበሩም ብለሽ ጻፊና ተመለሺ። ድሮም ይሄ ኢንተርንሺፕ ጊዜ ማባከን ነው ብያለሁ» አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «አልተባበሩም» የሚለውን ቃል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጥሩ ማምለጫ መሰለኝ። ከዚያ አፈርኩና ሰረዝኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ሄድን፣ እኔና አቶ እንድሪስ። ጋሽ ይመር ግቢ ውስጥ አሥር ያህል ሰው ተሰብስቧል፤ የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈርኩት በጋሽ ይመር ማሳ ነው። አንድ ቄስና አንድ ሼህ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጥናቴን ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር። አቶ እንድሪስ በጆሮዬ «ስለ ጥናትሽ አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አሉኝ። ስለዚህ ቆሜ «አፉ በሉኝ፣ ሳልጠይቅ ነው ያጠፋሁት» አልኩ።

ሼሁ «ምን ሀጃ፣ ምን ጉዳይ ኖሮሽ ነው እንዲህ የቸኮልሽ?» አሉኝ። «ዓርብ አድርሺ ተብዬ» አልኩ። ሰዎቹ ተሳሳቁ። ቄሱ ፍርዱን ተናገሩ፦ አንቺ አወጣሽው፣ አንቺው መልሺው። ባለ ማሳው ቆሞ እያየ፣ ዘጠኙንም። የከረጢቱንም አፈር ጭምር።

የከረጢቱንም! ምዕራፍ ሦስቴን! ግን «እሺ» አልኩ።

ስመልስ ዋልኩ። ጋሽ ይመር ከአጠገቤ አልተለዩም። «ቀዩን ከላይ አታልብሺው የኔ ልጅ፣ የሚያበላን ጥቁሩ ነው» ይሉኛል። የሳቸው ጉድጓድ ሊሞላ ሲል ሳቁ። «እዚህ እኮ የአያቴ ቤት ነበረ። ስንት ዘመን አመድ ሲደፋበት የኖረ መሬት ነው።» መሙላቴን አቆምኩ። አመድ ያለበት አፈር አይኮመጥጥም። ያንን ናሙና ብልክ ኖሮ «ይህ ማሳ ጤነኛ ነው» ብዬ እጽፍ ነበር፣ እሳቸውም ኖራ አያገኙም ነበር። በየጉድጓዱ እንዲህ ነው፤ አንዱ ጎርፍ አምጥቶ የከመረው፣ አንዱ ሦስት ዓመት ሳይታረስ ያደረ። ሰኞ ዕለት ያን ሁሉ ስቆፍር የማውቀው ጥልቀቱን ብቻ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። የመለስኩት ስምንት ከረጢት ነው። የመጨረሻው ማሳ ባለቤት ወደ ገበያ ሄዶ ስላልነበረ ጉድጓዱን ሞልቼ ከረጢቱን መልሼ አመጣሁት። አልጋዬ ሥር ነው። አንድ እንኳ ቢኖረኝ ብዬ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ። መጀመሪያ የቢሮውን ቆርቆሮ ቆረቆረው፣ ከዚያ መነጋገር አቃተን። በረዶ! ማንም ወደኔ አልዞረም፤ ላለመዞር ሲታገሉ ይታየኛል። አቶ እንድሪስ ወደ ቀበሌው ደጋግመው ደወሉ፣ ኔትወርክ የለም።

ስለዚያች ከረጢት ብቻ ነበር የማስበው። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ አፈር የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ኪሎ አፈር ከሰማይ በረዶ እንደማይጠራ አውቃለሁ። ግን ያ ገብስ ከወደቀ፣ ቃሌን እንዳልጠበቅሁም ከተሰማ፣ ዓይናቸውን ማየት አልችልም። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

ከረጢቷን ልመልስ ስሄድ ባጃጁ ጭቃው ላይ ተወኝ። ታቅፌያት ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ያለው ሣር በበረዶ ተቀጥቅጦ ተኝቷል፣ ልቤም አብሮት። አቀበቱን ስጨርስ ቀና አልኩ።

ገብሱ ቆሟል! አንዱም አልተሰበረም። በረዶው በገደሉ በኩል አልፏል። እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ይመር ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ጁምዓ ሲወርዱ ያገኙኝ እንደዚያ ሆኜ ነው። ከረጢቷን አሳየኋቸው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «እንዲያው አንድ ከረጢት አፈር ለመደበቅ ነው ይህን ሁሉ የተማርሽው?» አሉ። መሳቅ ጀመሩ፣ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ልመልሰው ወደ ማሳው ስራመድ እጄን ያዙኝ። «ኧረ ተይ! ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ሚካኤልም ነው። አሁን ደግሞ ልትቆፍሪ?» ከረጢቷን ተቀብለው አጥራቸው ሥር አስቀመጧት። «አብሽሪ። ሰኞ ነይ፣ እኛው ቆፍረን እንሰጥሻለን። ብቻ ጠይቂ።»

ለአማካሪዬ መልእክት ላክሁ፦ «ናሙናው ለዛሬ አልደረሰም። ጥፋቱ የኔ ነው። የቆፈርኩባቸው ቦታዎችም ትክክል አልነበሩም፣ አንዱ የድሮ ቤት አመድ የተደፋበት ነው፤ አዲስ እንወስዳለን።»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

አማካሪዬ መለሱ፦ «ገባኝ። ከአመዱ ጉዳይ ጋር አድርገሽ ጻፊልኝ።» አራት ጊዜ አነበብኩት።

አቶ እንድሪስ ግምገማውን አሳዩኝ። ድክመት በሚለው ሥር «ትቸኩላለች»። ጥንካሬ በሚለው ሥር «ስትሳሳት ትመለሳለች»። ስለ ከረጢቷ ሰምተዋል ማለት ነው። እዚህ አገር ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ሰኞ 15 ቂርቆስ ነው። በዚያ ቀበሌ መቆፈር ይከለከል እንደሆነ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አይከለከልም። እትዬ ዘሀራን አራተኛ ስጠይቃቸው «አሁንስ አበዛሽው» አሉኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ቆፈሩልኝ። ባለማሳዎቹ ራሳቸው፣ የት እንደሚቆፈር እየተከራከሩ። እኔ ዶማ እንዳልነካ ተከልክዬ ከረጢት ስይዝ ዋልኩ። ለዘጠኝ ማሳ አሥራ አንድ ከረጢት ሆነ፤ ሁለቱ ማሳዎች ሁለት ዓይነት አፈር አላቸው ብለው ስለተከራከሩኝ። ልክ ናቸው።

ከዚያ ለኖራው ተመዘገቡ። አሥራ ሁለት ስንፈልግ አሥራ አራት ሆኑ። አቶ እንድሪስ መዝገቡን ዘግተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ጋሽ ይመር ከፈረሙ በኋላ አልሄዱም። ኖራው ምን እንደሚሠራ፣ ስንዴው መቼ እንደሚለይ ጠየቁኝና፣ «አጨዳው ላይ ትኖሪያለሽ አይደል? ነገሩን የጀመርሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

ኢንተርንሺፔ የሚያልቀው በጥቅምት ነው። ስንዴው የሚታጨደው ኅዳር ካለፈ በኋላ ነው። አማካሪዬን አልጠየቅሁም፣ አቶ እንድሪስ የሚቀጥሩኝ መሆኑን አላውቅም፣ ደመወዝ ይኑር አይኑር አላውቅም።

«እኖራለሁ» አልኩ።

ወደ ወረዳው ከተማ ወደ መካነ ሰላም ስንመለስ ነው የደነገጥኩት። እስካሁንም ደንግጫለሁ። ግን ቃሌን ልመልስ ብል የማፍረው እሳቸውን ብቻ አይደለም፣ ራሴንም ነው፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል።