በመጋዝ የተቆረጠው ግስ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነብተሻል? ባልሽስ፣ ትንሿስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ትዕግሥቴ ግን አልቋል። አባባም ደህና ናቸው፤ ደህና ባይሆኑ እንዲህ አያቃጥሉኝም ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ድረስ መጡና፣ ሻንጣ ያንጠለጠለ እንግዳ ፊቴ ቆሞ እያለ፣ ለሥራዬ የለቃቀምኳትን ስፓኒሽ አስተምረኝ አሉ። ለምን ብል፣ ደንበኛ መጥቶብኝ ነው አሉ። መብላት፣ መሄድ፣ መግዛት የሚሉ ግሶችን ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን ሳያዩ መለሱልኝ። የሚፈልጉት አንድ ግስ ብቻ ነው፤ ይቅር ማለት።

ፔርዶናር አልኳቸው። አፋቸው አልያዘውም። በክፍለ ቃል ከፋፍለው ይያዙት ብላቸው፣ ጣውላ ላይ በእርሳስ ጽፈው በመጋዝ ሦስት ቦታ ቆረጡት። ፔር፣ ዶ፣ ናር። ድምፁ የሚጫነው የትኛው ላይ ነው ስላቸው መሃለኛው ላይ ሚስማር መቱ። አባባ፣ መጨረሻው ላይ ነው አልኩ። ክብደት መሃል ካልሆነ ይወላገዳል፣ አርባ ዓመት በአናጢነት የኖርኩትን ሰውዬ ልታስተምረኝ ነው? አሉኝ። ጠረጴዛ እኮ አይደለም ብል ማን ሰምቶኝ። በማግስቱም ሌላ ጣውላ፣ ያው መሃል ላይ ሚስማር። አንዱን ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ ረስተውት ቁም ሣጥን ያሠራችው ሴትዮ ጣቷን ተወጋች። የጮኸችው ግን እኔ ላይ ነው።

ቀለም ቀቢያቸውን ብጠይቀው እንዲህ ያለ ደንበኛ በዓይኑ አላየም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምሽ ሲነሣ መላጊያቸውን የሚያነሡ፣ ስፔናዊ ነው ብለው ባልሽን ከደጅ የመለሱ ሰው፣ ባለፈው ድንገት ትንሿ ስንት ዓመቷ ነው አሉኝ። ስድስት አልኳቸው። እንጨታቸውን ላጉ።

ትናንት ሚስማሩ መጨረሻው ቁራጭ ላይ ገባ። ሦስቱንም ኮት ኪሳቸው ከተው የቤታችሁን ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ስልኩ ሲጮኽ አንቺ እንዳታነሺ፤ ባልሽ ያንሳ። ተደናግጠው ድምፁን መሃል ላይ ቢጭኑት፣ አደራሽን፣ እንዳያርማቸው።

ቤታችሁን ሰላም ይሙላው።

የተቃጠለው ታናሽ ወንድምሽ